የከፈለ ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም? በነጻ የስልክ ኳስ ጨዋታ ላይ፣ ለባሕር ዳር ልጆች

የሽምብጥ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከንክኖኛልና ልጠይቃችሁ።

የስልክ ኳስ መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድ ብር ከፍዬ አላውቅም። በየቀኑ እየገባሁ የሚሰጠውን ኮይን (የጨዋታውን ገንዘብ) እሰበስባለሁ። የሳምንቱን ግዳጅ እጨርሳለሁ። ተጫዋቾቼን በልምምድ አሳድጋለሁ። እንዲህ እያልኩ ጥሩ ቡድን ሠርቻለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ሐይቅ ዳር፣ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን ከአንድ የዓባይ ማዶ ልጅ ጋር አምስት ጨዋታ ተጫወትን። አምስቱንም ተሸነፍኩ። ያበሳጨኝ መሸነፌ አይደለም፤ አሸናነፉ ነው። ሰንጣቂ ኳስ ይሰጣል። የኔ ተከላካይ ቀድሞ ይነሳል፤ የሱ አጥቂ ግን ከኋላ መጥቶ ጥሎት ይሄዳል። ትከሻ ለትከሻ ሲገናኙ የሚወድቀው የኔው ነው። ከሩቅ አክርሮ ሲመታ ኳሷ ታጥፋ ማዕዘኑ ውስጥ ትገባለች። በኋላ ቡድኑን አሳየኝ። ከአስራ አንዱ ስምንቱ በገንዘብ የወጡ የድሮ ኮከቦች ናቸው።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። እዚህም እንደዚያው ነው እንዴ? ክረምቱን ልጆች አስጠንቼ ያጠራቀምኳት 3,000 ብር አለችኝ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ከልባችሁ ምከሩኝ።

ፖሊ_4ኛ_ዓመት | ቅዳሜ ማታ 3:05

ወንድሜ አትክፈል። እኔ ሳልከፍል ከፍተኛው ዲቪዥን ደርሻለሁ።

አምስት ለባዶ በቡድን ጥራት ብቻ አይመጣም። ስትከላከል ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው ኳስ የያዘውን አጥቂ በመሃል ተከላካዩ ያሳድዳል። ያኔ ከኋላ ሜዳው ይከፈታል። ሰንጣቂዋ የምትገባው እዚያ ነው። መሃል ተከላካይህን ቦታው ላይ ተወው። የሚያስጨንቀው አማካይህ ይሁን።

ኔትወርክህንም እይ። ከተጫንክ በኋላ ተጫዋችህ እስኪታዘዝ ሩብ ሰከንድ ካለፈ፣ በዓለም ላይ ምርጡን ተከላካይ ብትገዛም አይጠቅምህም። እኔ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ደረጃ ያለው ጨዋታ አልጫወትም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ነው የምጫወተው።

ታኬታ | ቅዳሜ ማታ 3:12

ፖሊ፣ በአክብሮት አልስማማም። እዚያ ዲቪዥን ለመድረስ በቀን ስንት ሰዓት ተጫወትክ?

ፖሊ_4ኛ_ዓመት | ቅዳሜ ማታ 3:15

እውነቱን ለመናገር ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት። ዓመት ተኩል ያህል።

ታኬታ | ቅዳሜ ማታ 3:31

እንግዲህ አንተም ከፍለሃል ማለት ነው። የከፈልከው ሰዓት ነው።

እኔ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው። ቤት ስገባ ግማሽ ሰዓት ባገኝ ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት የሳምንቱ ግዳጅ አያልቅም። የከፈለው ልጅ አንተ ዓመት ተኩል የለፋህበትን ቡድን በአንድ ማታ ያገኛል። እኔ ደግሞ ሰዓቱም ብሩም የለኝም። ጨዋታው ነጻ ነው ሲባል የእኔ ዓይነቱን ሰው ማን ያስበዋል?

የድሮ_ፔዳ | ቅዳሜ ማታ 4:20

ሁላችሁም ልክ ናችሁ። ግን ስለተለያዩ ጨዋታዎች ነው የምታወሩት። ትንሽ ልርዘም፣ ታገሱኝ።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ፔዳ ካምፓስ ተማሪ እያለሁ ሃትሪክ የሚባል የአሰልጣኝነት ጨዋታ ነበረን። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ነው። ኮምፒውተር ክፍል ወረፋ ይዘን፣ አሰላለፍ አስገብተን እንወጣለን። ጨዋታው በሳምንት አንዴ ነው። መክፈል ይቻል ነበር። የከፈለ ሰው ተጨማሪ ስታቲስቲክስ ያያል፣ ለክለቡ አርማ ይሠራል። ሜዳ ላይ ግን አንድ ጎል አይጨመርለትም። የጀርመን ተማሪም የባሕር ዳር ተማሪም እኩል ነበሩ። ያንን ጊዜ በጣም ነው የምናፍቀው።

በመኪና ኳስ የሚጫወቱበት ሮኬት ሊግም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ነጻ ሆነ። የሚሸጠው ቀለም፣ ጎማና ጌጥ ነው። ገንዘብ ያለው ልጅ መኪናው ያምራል፤ ኳሷን ግን በጣቱ ነው የሚያገባት።

ቶፕ ኢለቨን ላይ ስትመጡ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የሰርቢያ ጨዋታ ነው። ተጫዋችህ ሲደክም በአረንጓዴ ፓክ ታሳርፈዋለህ፣ ሲጎዳ በቀይ ታክመዋለህ፣ ሞራሉ ሲወርድ በሰማያዊ ታነሳዋለህ። ፓኩ ሲያልቅብህ ወይ ትጠብቃለህ ወይ ትገዛለህ። ኳሷን አንተ አትነካትም። የጣት ችሎታ ስለሌለበት፣ ትኩስ ጉልበት ያለው ቡድን ብልጫ አለው።

ኤፍሲ ሞባይልን ደግሞ ተመልከቱ። አንዱ ጨዋታ ውስጥ ብዙ ዓይነት ውድድር አለ። አስራ አንድ ለአስራ አንድ ሙሉውን በጣትህ የምትጫወትበት አለ። ሁለታችሁም የማጥቃት ዕድል ብቻ እየተሰጣችሁ ማን ብዙ ጎል አገባ የሚባልበት አለ። ኮምፒውተሩ የሚጫወትልህና አንተ አሰልጣኝ ብቻ የምትሆንበትም አለ። በመጀመሪያው ችሎታ ብዙ ይሸፍንልሃል። በመጨረሻው የቡድንህ ቁጥር ነው የሚናገረው። ስለዚህ «ገንዘብ ያሸንፋል ወይ?» ከማለት በፊት «ጣቴ ምን ያህል ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቁጥር_ወዳድ | እሑድ ጠዋት 3:10

የሒሳብ መምህር ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውይይቱን አንብቤው ዝም ማለት አቃተኝ። ሁላችሁም «በገንዘብ ይገዛል» ትላላችሁ። በገንዘብ አይገዛም። በገንዘብ የሚገዛው ዕጣ ነው።

ተጫዋች በዕጣ የሚወጣበትን፣ ብዙ ጊዜ የሚታየውን ዓይነት ሳጥን ልውሰድ። ውስጡ 150 ተጫዋቾች አሉ። ሰው ሁሉ የሚፈልጋቸው ሦስቱን ነው። አንዴ ማውጣት 100 ኮይን፣ አስር ጊዜ በአንድ ላይ 900 ኮይን። የወጣው ተመልሶ አይገባም። ተማሪዎቼን ዕድል ሳስተምር ከረጢት ውስጥ ብይ ጨምሬ አወጣለሁ። ከዚያ በምንም አይለይም።

አስር ጊዜ ብታወጣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድልህ 19 በመቶ ገደማ ነው። ከአምስት ሰው አራቱ ባዶ እጁን ይመለሳል። የምትፈልገው አንድ የተለየ ተጫዋች ከሆነ ደግሞ ከ150 አስር ነው፤ 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። 50 ጊዜ ብታወጣ፣ ማለትም 4,500 ኮይን ብታፈስ፣ ያንን ሰው የማግኘት ዕድልህ ከሦስት አንድ ነው። ያለጥርጥር የኔ ይሁን ካልክ ሳጥኑን ሙሉ ማራገፍ አለብህ። 13,500 ኮይን።

ይህ ቁጥር ሚስጥር አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ፣ ጉግል ፕለይ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ፣ እንዲህ ያለ ሳጥን የሚሸጥ ጨዋታ ዕድሉን ገዢው ከመክፈሉ በፊት እንዲያሳይ ያስገድዳሉ። ሳጥኑ አጠገብ «ዝርዝር» የምትለዋን ተጫኑና አንብቡ። የሽምብጥ ልጅ፣ 3,000 ብርህን ይዘህ ከመሄድህ በፊት እባክህ አንብባት።

ከፍዬ_አይቻለሁ | እሑድ ከሰዓት 8:25

ይህን ጽሑፍ መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም። ግን ለአንድ ሰው ከጠቀመ ይጠቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ20,000 ብር በላይ ለኮይን አውጥቻለሁ። የጨዋታውን ስም ትቼዋለሁ፤ ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። የልደቴ ቀን ለራሴ ስጦታ ብዬ። አንድ ጥሩ አጥቂ ወጣልኝ። ደስታው ልዩ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ማንም አልቻለኝም። ታዲያ ገንዘብ አይጠቅምም የሚለኝን አልሰማም። ይጠቅማል። አይቼዋለሁ።

ችግሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አዲስ ሳጥን መጣ። ያ የኔ አጥቂ ያለው ፍጥነት አሁን ለተከላካዮችም መጣ። እንደገና እኩል ሆንኩ። እንደገና ከፈልኩ። በዓመቱ መጨረሻ ስቆጥር መጀመሪያ ከገዛኋቸው ስድስት ተጫዋቾች አምስቱ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ አልነበሩም።

ዋጋው ደግሞ የኛ አገር ጣጣ አለበት። ኮይኑ በዶላር ነው። ስጀምር ዶላር በባንክ 50 ብር እልፍ ቢል ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የውጭ ካርድ ስለሌለን የምንሞላው በሰው በኩል ነው፤ ሰውየው የራሱን ይጨምርበታል። ስለዚህ ያው ሳጥን፣ ያው ዕድል፣ ለኔ ግን ከእጥፍ በላይ ዋጋ። እንግሊዝ ያለ ልጅ የምሳውን ቀንሶ የሚገዛውን እኔ የወር አስቤዛዬን ቀንሼ ነው የምገዛው። ኦንላይን ላይ ግን እኩል ተሰልፈን እንገናኛለን።

አንዴ ደግሞ 2,500 ብር ከነአካውንቴ የይለፍ ቃል ለአንድ ሞልቼ እሰጣለሁ ባይ ላክሁ። ብሩንም ውሃ በላው፣ አካውንቱም ተወሰደ። እባካችሁ ለማንም የይለፍ ቃል አትስጡ። ይህን ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

ታኬታ | እሑድ ከሰዓት 8:40

አይዞህ ወንድሜ። ስለነገርከን እናመሰግናለን።

የሁለት_ልጆች_እናት | እሑድ ማታ 1:15

ልጆቼ፣ ስለ ጨዋታው ብዙ አላውቅም። የእህቴ ልጅ ይህን አንብቢ ብላ ላከችልኝ።

የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ወር ከስልኬ 800 ብር ጎደለ። ስጠይቀው አለቀሰ። ጓደኞቹ የሱን ቡድን እያዩ ስለሚስቁበት፣ ለአንድ ትልቅ ልጅ ልኮ ኮይን አስሞልቶ ነበር። ብሩ አስቆጥቶኝ ነበር። በኋላ ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። «የፈለግኩት ሳይወጣ ቀረ» ብሎ ነው ያለቀሰው። ብሩ ብቻ አይደለም፤ ተስፋውም አብሮ ሄደ። አባቱ ከረንቦላ ቤት ገንዘብ አስይዘው የሚጫወቱትን ሲያይ «ልጄን ከዚህ ይጠብቅልኝ» ይል ነበር። ለካ ልጁ ቁማሩን በኪሱ ነው የያዘው።

እናንተ ታላላቆቹ ናችሁ። ልጄ ምን ቢያደርግ ይሻለዋል ትላላችሁ?

ፖሊ_4ኛ_ዓመት | እሑድ ማታ 1:40

እትዬ፣ እንኳን ጻፉልን። የስልክዎን የሚስጥር ቁጥር ይቀይሩ፣ ልጁ ባያውቀው ይሻላል። ጨዋታውን ግን አይከልክሉት። ከፈቀዱ ቅዳሜ ይዘውልኝ ይምጡ። ሳይከፈል ቡድን እንዴት እንደሚሠራ እኔ አሳየዋለሁ። ጓደኞቹን እንዲያሸንፍ የሚያደርገው መከላከል ነው፤ እሱን ደግሞ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል።

የድሮ_ፔዳ | እሑድ ማታ 2:05

እትዬ ያሉት ነገር በሌላ አገር ሕግ ጋ ደርሷል። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ገንዘብ የሚከፈልባቸው እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወሰነ። የያኔው የፊፋ ጨዋታ አምራች ኢኤ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር የፊፋ ፖይንት፣ ማለትም ሳጥን መግዣውን፣ መሸጥ አቆመ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ በዚሁ ኩባንያ ላይ የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተጥሎ ነበር፤ በ2022 የበላይ ፍርድ ቤት ሻረው። አገሮቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ለእኔ ግን የእትዬ ልጅ ያለቀሰበት ምክንያት ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ዓባይ_ማዶ_10 | እሑድ ማታ 3:30

መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ስለኔ ነው። ጓደኛዬ ነው ያሳየኝ።

የሽምብጥ ልጅ፣ ቅር ብሎኛል። ከፍያለሁ፣ አልደብቅም። ወንድሜ ዱባይ ነው የሚሠራው፤ ለበዓል ለበዓል ይሞላልኛል። ግን አምስቱን ጨዋታ ወንድሜ አልተጫወተልኝም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የምጫወተው። ያንተ የግራ ተመላላሽ ሁልጊዜ ወደ ፊት ይወጣል። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አይቼዋለሁ። አራት ጎል በዚያ በኩል ነው ያገባሁት። የኔን ቡድን የያዘ ማንም ሰው ያገባ ነበር ካልክ እንሞክረው። ስልክ እንቀያየር። አንተ በኔ ቡድን፣ እኔ ባንተ ቡድን።

የሽምብጥ_ልጅ | እሑድ ማታ 3:44

ይቅርታ ወንድሜ። ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ስለ ተመላላሹ ልክ ነህ፣ አሁን ገባኝ። እንቀያየር።

ጌም_ቤት_ቀበሌ14 | እሑድ ማታ 4:10

ቦታውን እኔ እሰጣለሁ። ፕሌይስቴሽን ቤት ከከፈትኩ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔ ጋ በሰዓት የሚከፍል ልጅ ሁሉ እኩል ቡድን መርጦ ነው የሚጫወተው። በስልክ የሰፈሩ ንጉሥ የሆነ ልጅ ጆይስቲክ ሲይዝ ሲሸነፍ አይቻለሁ። በስልክ ዋጋ የሌለው ቡድን ያለው ልጅ ደግሞ ሁሉንም ተራ በተራ ሲያስነሳ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ጆተኒ ነበረኝ። ጆተኒ ላይ የሁሉም ተጫዋች እንጨት ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ኑ። ዋይፋዩን ለእናንተ ብቻ እለቀዋለሁ፤ ኔትወርክ ነው እንዳትሉ። ሦስት ዙር ይሁን። በየራሳችሁ ቡድን፣ ከዚያ ተቀያይራችሁ፣ ከዚያ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ክለብ ይዛችሁ። አስር አስር ጨዋታ። እኔ እጽፋለሁ።

የሽምብጥ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 4:50

ጨርሰን አሁን ገባሁ። መሃል ላይ መብራት ሄዶ አንድ ሰዓት ጠብቀናል፤ ጋሼ ሻይ ጋብዘውናል። ውጤቱ በኔ በኩል ይህ ነው።

በየራሳችን ቡድን፦ 1 አሸነፍኩ፣ 1 አቻ፣ 8 ተሸነፍኩ።
አንድ ዓይነት ክለብ ይዘን፦ 2 አሸነፍኩ፣ 3 አቻ፣ 5 ተሸነፍኩ።
ተቀያይረን፦ 4 አሸነፍኩ፣ 2 አቻ፣ 4 ተሸነፍኩ።

በእኩል ቡድንም ይበልጠኛል። ይህን አምኜ ተቀብያለሁ። ከኔ የተሻለ ተጫዋች ነው። ግን የሱን ቡድን ስይዝ እኩል ሆንኩ። ማለት ገንዘቡ ባዶ አይደለም። በእኔና በሱ መካከል ያለውን የችሎታ ልዩነት ሞልቶታል።

ጋሼ የጎሎቹንም ደቂቃ ጽፈው ነበር። ያላሰብኩት ነገር የተገኘው እዚያ ነው። በየራሳችን ቡድን ስንጫወት ካገባብኝ ጎል ከግማሽ በላይ የገባው ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ እይዘዋለሁ። ከዚያ የኔዎቹ ይደክማሉ፣ እሱ ከወንበር ሦስት ትኩስ ኮከብ ያስገባል። እኔ ስለ አስራ አንዱ ብቻ ነበር የማስበው። ገንዘቡ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ወንበር ላይ ነው።

ዓባይ_ማዶ_10 | ረቡዕ ማታ 5:05

እኔም ልናገር። የሽምብጥ ልጅን ቡድን ይዤ ስጫወት በጣም ከበደኝ። የለመድኩት ሩጫ የለም። ከሩቅ ስመታ አይገባም። ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ኳስ በአጭር በአጭር እየተቀባበልኩ መግባት ነበረብኝ። ሁለት ዓመት በዚህ ቡድን እየተጫወተ አሁን ያለበት ዲቪዥን ላይ መቆየቱ ቀላል አይደለም። ከዚህ በፊት «ችሎታዬ ነው» ብቻ ነበር የምለው። አሁን እንደዚያ አልልም።

ቁጥር_ወዳድ | ሐሙስ ጠዋት 1:20

በጣም ደስ የሚል ሙከራ ነው። እንደ መምህር አንድ ነገር ብቻ። አስር አስር ጨዋታ ጥቂት ነው፤ አንድ ሁለቱ በዕድል ሊዞር ይችላል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ብትደግሙት መልሳችሁ ጻፉልን፣ ለክፍሌ እወስደዋለሁ።

ታኬታ | ሐሙስ ጠዋት 1:45

ታዲያ 3,000 ብሯስ?

የሽምብጥ_ልጅ | ሐሙስ ከሰዓት 9:30

አልከፍልም። ቁጥር ወዳድ እንዳሉት ዝርዝሩን ከፍቼ አነበብኩት። ከፍዬ አይቻለሁም የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እየተሰበሰበ ያለውን ኮይን ለአጥቂ ማውጣት ትቼ ወንበሬን ማጠናከር ጀምሬያለሁ። አማካይ ሁለት፣ ተመላላሽ አንድ። ግራ ተመላላሼ አሁን ከመሃል መስመር አያልፍም።

ከዓባይ ማዶ 10 ጋር ሆነን ደግሞ አንድ ነገር አስበናል። በወር አንድ ቅዳሜ፣ እኩል ቡድን ብቻ የሚያዝበት ውድድር። የከፈለም ያልከፈለም እኩል ይገባል። ጋሼ፣ ቤትዎ ይፈቀድልናል?

ጌም_ቤት_ቀበሌ14 | ሐሙስ ማታ 1:10

ተፈቅዷል። የፊታችን ቅዳሜ 8 ሰዓት። መጀመሪያ ለመጡ 16 ልጆች። ገንዘብ ማስያዝ የለም። ቻርጀር ያዙ።

የሁለት_ልጆች_እናት | ሐሙስ ማታ 1:35

የኔው ልጅ ትንሽ ነው፤ ይገባል? በባጃጅ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ።

ዓባይ_ማዶ_10 | ሐሙስ ማታ 1:38

ይገባል እትዬ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከኔ ጋር ይጫወታል።